ሐኪሙ ጆን ስኖውና የለንደኑ ጉድጓድ

ጆን ስኖው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 15 ቀን 1813 ዮርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ቤት ተወለደ። ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነበር። በ14 ዓመቱ ወደ ኒውካስል ሄዶ ለአንድ ሐኪም ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ገና በ18 ዓመቱም የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ገብቶ በኮሌራ የተያዙትን አስታመመ። በኋላ በለንደን የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ በማደንዘዣ ሥራ ስሙ ስለ ተጠራ፣ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ የሚመጣው ከክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። ስኖው ግን ሕመሙ ከሆድ የሚጀምር ስለሆነ መንሥኤው በአፍ የሚገባ መሆን አለበት ብሎ በ1849 ጽፎ አሳተመ፤ የሰማው ጥቂት ነው።

በኦገስት ወር መጨረሻ 1854 በለንደን በብሮድ ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። ስኖው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሟቾቹ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ፤ ብዙዎቹ የአንድ ጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሆነው አገኛቸው። እዚያው ያሉት የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ቢራቸውን ስለሚጠጡ ተረፉ። (ይህ ለጠላ ጠጪ ማስረጃ አይሁን፤ ጠላ የሚጠመቀው ባልፈላ ውሃ ነውና።) የአጥቢያው ሹማምንትም ነገሩን እምብዛም ሳያምኑበት በሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት።

በማግሥቱ ዓመት ስፍራው ሲቆፈር ምሥጢሩ ተገለጠ። በቁጥር 40 ቤት አንዲት እናት የታመመች ሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ የደፋችበት የእዳሪ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር፤ ጡቡ ፈራርሶ፣ በመካከል ያለው አፈርም በእድፍ ርሶ ተገኘ። የሕፃኗ አባት በኮሌራ የተያዘው እጀታው በተነቀለበት ዕለት ነው፤ እጀታው ባይነሣ ኖሮ መርዙ ዳግመኛ በወረደ ነበር። ውሃው ግን ጥርት ያለና የሚጣፍጥ ስለ ነበር ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ያስቀዱት ነበር!

ባክቴሪያ ርዝመቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ገደማ የሆነ ረቂቅ ፍጥረት ነው። በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ የሚወስደው ውሃ ነው። ደቃቅ አፈር እንደ ወንፊት ይዞ ያስቀረዋል፤ ብዙውም እዚያው ይሞታል። የተሰነጠቀ መሬት ግን አይዘውም። የብቸናን ዋልካ በበጋ ያየ ሰው ስንጥቁን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በሜዳ ያለው እድፍ ሳይጣራ በዚያ ይወርዳል። በብቸናም ሆነ በሞጣ ከሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ካለው ውሃው ከዚያም አልፎ ይጓዛል። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ከበላዩ ባለው ዳገት ላይ እንዳይቆፈር የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ስኖው በጁን 16 ቀን 1858 በ45 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ጊዜም ብዙዎቹ ሐኪሞች ክፉ አየር ማለታቸውን አልተዉም ነበር። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ በህንድ አገር ለይቶ ያሳወቀው በ1884 ነው።