ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የእንዶድ ምርምር

የማኅበራችን የመጽሔት ኮሚቴ ለዘንድሮው መገናኛ ስለ አንድ በሕይወት የሌለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ማንን ልምረጥ ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። እኔ ሐኪም ነኝ። ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደሴና አካባቢዋ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ ዙሪያ የሚመጡ ሰዎችን ሳክም ቢልሃርዚያ ዛሬም ያጋጥመኛል። ይህን በሽታ ከምንጩ ለማድረቅ ዕድሜያቸውን የሰጡት ኢትዮጵያዊ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የእሳቸው ሥራ የኬሚስትሪውን፣ የእርሻውን፣ የእንስሳቱን፣ የምሕንድስናውንና የጤናውን ምሩቅ እኩል የሚመለከት ነው፤ እኛ መገናኛው ላይ በየዲፓርትመንታችን ተከፋፍለን የምንቀመጥ ሰዎች ግን ይህን ታሪክ ብዙም አንነጋገርበትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን አሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በ1964 በሳይንስ ዶክትሬት አገኙ። በዚያው ዓመት አገራቸው ነበሩ፤ ሥራቸውም ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የት የት እንደሚገኙ ማጥናት ነበር። ገና 29 ዓመታቸው ነው።

በሽታውን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በወንዝና በሐይቅ ዳር የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ውስጧ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ እጅግ ብዙ ሆኖ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ የሚዋኝ ልጅ ውሃው ውስጥ ሲቆም ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ዓመታት ሲቆጠሩ ጉበት ይጠነክራል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ሲብስም በሽተኛው ደም ያስታውካል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለን፤ በትምህርት ቤት ዘመቻም ይታደላል። መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ እዚያው ወንዝ ከመግባት አያድንም። አክሞ ወደዚያው ውሃ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ በወንዝ ዳር ወረዳ የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ያዩት ነገር እንግዲህ ይህን ሰንሰለት የሚመለከት ነበር። ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ሲያስነኩት አረፋ ይወጣዋል፤ ጋቢና ነጠላ በዚያ ይነጣል። ይህን በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ያደገ ሰው ከእናቱ ወይም ከአያቱ እጅ ያየው ነገር ነው። ዶክተሩ ልብ ያሉት ግን ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ያለውን ውሃ ነው። እዚያ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በርክተው አገኙ። ወዲያው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። እንዶድ ልብስ እንደሚያጥብ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቀንድ አውጣ በሽታ እንደሚያስተላልፍም ሳይንሱ ያውቅ ነበር። ሁለቱን ዕውቀቶች አንድ ላይ የያዘ ሰው ነው ያልነበረው። ዶክተር አክሊሉ ውጭ የተማሩትን ይዘው የአገራቸው ሴቶች የሚሠሩትን ቆም ብለው የተመለከቱ ሰው ነበሩ። ዕድል ነው ቢባልም፣ ዕድሉ የመጣው ወንዝ ዳር ወርዶ ቀንድ አውጣ ለሚቆጥር ሰው ነው።

በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ይህ ተቋም ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል። ምርምራቸው በቢልሃርዚያ ብቻ አልታጠረም። በደጋው አገር ፊት ላይ የሚወጣውን ቁንጭር ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1969 አሳትመዋል። ለእኛ ደሴዎች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ በዚያ ዘመን በተደረጉት የቁንጭር ጥናቶች ውስጥ ጎረቤታችን ኩታበር በተደጋጋሚ ስሟ ይነሳል። ገደል ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ፣ የምትናከሰዋ የአሸዋ ዝንብና የሕፃኑ ፊት ቁስል የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸው የታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የእንስሳት ሳይንሱና የሕክምናው ሰው አብረው ካልወጡ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

ወደ እንዶዱ ልመለስ፤ ኬሚስትሪው የሚገርም ነውና። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ ያለ ሳፖኒን የተባለ ውሕድ ነው፤ አረፋውንም የሚያወጣው ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ውስጥ ኬሚስቱ ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ዋናውን ውሕድ ነጥለው ሲያወጡ፣ ለዶክተር አክሊሉ ክብር ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። በኋላ ሌሎች ኬሚስቶች ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ደረሱበት። ውሕዱ ፍሬው ውስጥ ሲቀመጥ በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት ተንጠልጥሎበት ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን የፍሬው የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ መርዝነቱ ያኔ ይነቃል። ፍሬውን በሜታኖል ያወጣ ሰው ደካማውን ነው የሚያገኘው። በሌላ አነጋገር፣ ወቅጦ በውሃ ማሸት የሚለው የእናቶቻችን አሠራር በኬሚስትሪም ትክክለኛው መንገድ ሆኖ ተገኘ።

ውሕዱ ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው፤ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ተከማችቶ አይቀርም። ችግሮችም አሉበት። ዓሣ ይገድላል። ዓይን ሲገባ ያቃጥላል። የቀንድ አውጣዋን እንቁላል ስለማይገድል አንዴ ረጭቶ መተው አይቻልም፤ እየተመላለሱ መርጨት ያስፈልጋል። እየተመላለሱ መርጨት ማለት ደግሞ ብዙ ፍሬ ማለት ነው። ስለዚህ የግብርናው ሰው የግድ መጣ። አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው በኃይሉም በምርቱም የተሻለውን መረጡ፤ ዓይነት 44 በሚል ስም የታወቀው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መመጠን፣ ወደሚፈሰው ውሃ በልክ ማንጠብጠብ አለ። ይህ እንግዲህ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ዋናው ፈተና የተደረገው እዚያው ግኝቱ በተጀመረበት በአድዋ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት ወንዞቹ በእንዶድ እየታከሙ የሕዝቡ ሁኔታ ተመረመረ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ትልልቆቹ ድሮ የያዛቸውን ትል ተሸክመው ስለሚቆዩ ለውጡ ቶሎ አይታይባቸውም፤ ሕፃናቱ ግን የተወለዱት ወንዙ መታከም በጀመረበት ጊዜ ነው። ለሐኪም ከዚህ የበለጠ የሚናገር ቁጥር የለም።

ታዲያ ለምን እንዶድ በየወንዛችን ዳር አልደረሰም? የዶክተር አክሊሉ ሕይወት መራራው ክፍል ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚመከረው በባየር ኩባንያ የሚመረተው ኒክሎሳማይድ ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ኬሚካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ለመደገፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሟላ የመርዛማነት ጥናት ያስፈልጋል አለ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ሰው የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመርን ነገር ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን በዚያ ደረጃ የሚፈትሽ ላቦራቶሪ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ውጭ ለማስፈተሽ ደግሞ ገንዘቡ አልነበረም። ገንዘብ ያለው ኩባንያ ማንም ደሃ ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው ከሚችል ተክል ትርፍ አያገኝምና አልመጣም። በመካከሉ ዓመታት ነጎዱ።

በአገሪቱም አብዮት መጣ። ዶክተር አክሊሉ በኋላ ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ ቀጥሎም ለዩኒሴፍ በፍሎረንስ ከተማ ሠሩ። ከእንዶድ ግን አልተለዩም። በ1986 በስዋዚላንድ በተካሄደው ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የእንዶድ ጉባኤ ከስዋዚዋ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሊዲያ ማኩቡ ጋር አብረው ሠርተዋል። አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የአፍሪካን ችግር በአፍሪካ ተክል እንዲፈቱና ምርመራውንም ራሳቸው እንዲመሩት አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በ1989 ከአቶ ለገሠ ጋር በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ ብዙ ሰው አማራጩ ኖቤል የሚለው ነው። ቆይቶም የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በደገፈው ጥናት የመርዛማነቱ ምርመራ ተሠራ። ግኝቱ ከተገኘ ያኔ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ተከተለ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አንዲት ትንሽ ዛጎለኛ እንስሳ ተራብታ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ መድፈን ጀምራ ነበር። እንዶድ እሷንም እንደሚገድል በኦሃዮ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ፓተንት አወጣበት። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። የእንዶድን አረፋ ለትውልዶች ጠብቀው ያቆዩት አጣቢዎች ግን በመዝገቡ ላይ የሉም። ጉዳዩ በዓለም ላይ የአገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት በተነሳ ቁጥር እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት የሕግ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ፤ ለቧንቧው ላቦራቶሪም ገንዘብም በጥቂት ዓመታት ተገኘ፣ ለልጁ ሆድ ግን ሃያ አምስት ዓመት ወሰደ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛ ዘንድስ? ደሴ ከፍታዋና ብርዷ ለቀንድ አውጣዋ አይመችም። ቦርከና ግን ከእኛ ወርዶ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው፤ ከዚያ በቃሉና በከሚሴ ሜዳ መስኖ ሆኖ ይዘረጋል። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የከተማ ቆሻሻ፣ የሚታጠብ ልብስ፣ የሚጠጣ ከብት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ ሁሉም እዚያው ነው። በዚህ ወንዝ ላይ የሚያስፈልገው ሙያ ሁሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አለ። ጤናው፣ ኬሚስትሪው፣ እርሻውና የእንስሳት ሳይንሱ ደሴ ናቸው፤ ምሕንድስናው ኮምቦልቻ ነው። የሚለያቸው የታክሲ መንገድ ብቻ ነው።

እንዶድን ነገውኑ ቦርከና ውስጥ እንጨምር እያልኩ አይደለም፤ ዓሣውንም የከብቱን ውሃም አስባለሁ። የምለው ይህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ብቻቸውን ከወንዝ ዳር ተነስተው ስድስት ሰባት ደጃፍ ማንኳኳት ነበረባቸው፤ ኬሚስቱ ካሊፎርኒያ፣ መርማሪው አውሮፓ፣ ገንዘቡ ካናዳ። በየደጃፉ ዓመታት ጠፉ። የምረቃ ጥናቶቻችንን ብናይ ስለ ቦርከና ብክለት የጻፈ አለ፣ ስለ ቢልሃርዚያ የጻፈ አለ፣ ስለ መድኃኒት ተክል የጻፈ አለ፤ እያንዳንዱ በየመደርደሪያው ነው። ለሚመጣው ዓመት ተመራቂዎች ከአራቱ ክፍሎች አንዳንድ ተማሪ ወስደን አንድ የመስኖ ቦይ ብንሰጣቸው፣ ቀንድ አውጣውን ቆጥረው፣ ውሃውን መርምረው፣ ከብቱንና ዓሣውን አይተው፣ የማከሙን ዋጋ አስልተው አንድ ጽሑፍ ይዘው ቢመጡ፣ ማኅበራችን የትራንስፖርቱንና የኬሚካሉን ወጪ መሸፈን አያቅተውም። እኔ በበኩሌ የሕፃናቱን ምርመራ ለመሥራት ስሜን አስመዝግቤያለሁ። መገናኛው ላይ የምትመጡ መሐንዲሶችና ኬሚስቶች፣ ከምሳ በኋላ ፈልጉኝ።