የአየርን ጤንነት ከዛፍ ቅርፊት ያነበበው ዊልያም ኒላንደር

ላይክንን የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ አይኖርም። በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚታየው፣ አንዳንዱ ግራጫ ሌላው ቢጫ የሆነው፣ በእኛ አገር የድንጋይ ሽበት የሚባለው ማለት ነው። ሥር ስለሌለው ውሃውንም ማዕድኑንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከዝናብና ከአየር ነው። እንግዲህ አየሩ ሲመረዝ እሱም አብሮ ይመረዛል። ይህን ቀድመው ካስተዋሉት ሳይንቲስቶች አንዱ ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው።

ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1822 ኦውሉ በምትባል የፊንላንድ ከተማ ተወለደ። በሄልሲንኪ ሕክምና ተምሮ በ1847 ዶክተር ቢሆንም ልቡ ግን ከሕሙማን ይልቅ ወደ ተፈጥሮ አደላ። መጀመሪያ ጉንዳንና ንብ አጠና። ዛሬም አንዳንድ የአውሮፓ የጉንዳን ዝርያዎች ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ የሱ ስም ከኋላ ይከተላል። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይክን አዞረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከዚያ አልወጣም። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የቦታኒ ፕሮፌሰር ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1863 ሥራውን ትቶ ፓሪስ ገባ። እዚያው ቀረ።

ያኔ ፓሪስ የድንጋይ ከሰል ጭስ የሞላባት ከተማ ነበረች። ኒላንደር በሉክሰምበርግ የአትክልት ሥፍራ ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ ሲመለከት ከሠላሳ በላይ የላይክን ዓይነቶች አገኘ። በሌላው የከተማዋ ክፍል ግን ላይክን እምብዛም አይታይም ነበር። ታዲያ በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ላይክን የአየር ጤንነት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ እነዚያ የመዘገባቸው ላይክኖች ከሥፍራው መጥፋታቸውን ጻፈ። መለኪያው ሠርቷል፤ ውጤቱ ግን የሚያስደስት አልነበረም።

ዛሬ በላቦራቶሪ ላይክን ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በረኪና ጠብ አድርገን የቀለም ለውጥ የምናይበትን ዘዴም ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ኒላንደር ሐሳቡን በቀላሉ የሚለውጥ ሰው አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይክን አንድ ፍጡር ሳይሆን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው ሲል ኒላንደር አጥብቆ ተቃወመ። እስኪሞትም አልተቀበለውም። ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ተጣልቶ ብቻውን ኖረ፤ በ1899 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ከሃምሳ ሺህ በላይ የሚሆነው የናሙና ክምችቱ ዛሬ ሄልሲንኪ ይገኛል።

የሚገርመው ነገር፣ እሱ ራሱ ላየው ነገር ማብራሪያ የሚሰጠው ያ የተቃወመው ሐሳብ መሆኑ ነው። ከከሰል ጭስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በተለይ የአልጌውን ፎቶሲንተሲስ ይጎዳል። አልጌው ምግብ መሥራት ሲያቅተው ፈንገሱም ይራባል፤ ላይክኑ በጠቅላላ ይሞታል።

በ1970 ሃክስዎርዝና ሮዝ የተባሉ እንግሊዛውያን ይህንኑ መንገድ ተከትለው በላይክን ዓይነት የሰልፈር ዳይኦክሳይድን መጠን የሚገምት ከ0 እስከ 10 የሚደርስ ደረጃ አወጡ። እንደ ጢም የሚንጠለጠሉት ቀድመው ይጠፋሉ፤ ከቅርፊቱ ጋር ከተጣበቁት መካከል ብክለትን የሚችሉ አሉ። በ1991 ደግሞ ላይክን ወደ ሉክሰምበርግ የአትክልት ሥፍራ መመለሱ በሳይንስ መጽሔት ታተመ። የከሰሉ ጭስ ሲቀንስ፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው፣ የጠፋው ተመለሰ ማለት ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ባይኖረንም በአጉሊ መነጽርና በማስታወሻ ደብተር ብዙ መሥራት ይቻላል። የዛፉ ዓይነት፣ ብርሃኑና እርጥበቱ ተመሳሳይ መሆኑን ማየት ግን የግድ ነው። አለበለዚያ ላይክኑ የጠፋው በብክለት ይሁን በድርቀት አይለይም። ሁለተኛ፣ በትክክል የተመዘገበ ነገር የመዝጋቢው ሐሳብ ቢሳሳትም ጸንቶ ይኖራል። የ1866ቱ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ በ1991 ምን ተመለሰ ይባል ነበር?