ኢብኑል ሀይሠም፦ ዓይን እንዴት እንደሚያይ በፈተና ያረጋገጡ ሊቅ

ወደ ጦር አካዳሚ ለመግባት የሚፈተን ወጣት ከሒሳብና ከቋንቋ ሌላ መሠረታዊ ሳይንስም ይጠየቃል። ለምሳሌ የህንድ ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚ መግቢያ ፈተና ስለ ብርሃን መንጸባረቅ፣ ስለ ሌንስና ስለ ሰው ዓይን ይጠይቃል። መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼ ይህን ትምህርት ሲሸመድዱ አይ ነበር፤ በማን ድካም እዚህ እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ965 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኢራቋ ባስራ ተወለዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የዓባይን ሙላት መቆጣጠር እንደሚቻል መናገራቸው ግብፅ ድረስ ተሰማ፤ የፋጢሚያው ኸሊፋ አል-ሓኪምም አስጠራቸው። ከአስዋን በስተደቡብ ወርደው ወንዙን ሲመረምሩ ግን አሳባቸው እንደማይሠራ ተረዱ። እነዚያን ድንቅ ሕንፃዎች የገነቡት የጥንት ግብፃውያን ቢቻል ኖሮ ይሠሩት እንደነበርም አሰቡ። በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ውሃ በዘመኑ አቅም የሚገታ አልነበረም።

ተመልሰው ስህተታቸውን አመኑ። ኸሊፋው ሹመት ቢሰጣቸውም ሹማምንቱን በመግደል የታወቀ ነበርና ፈሩት። ያበዱ መስለው ቤታቸው ውስጥ ታግደው ተቀመጡ። ነፃ የወጡት አል-ሓኪም በ1021 ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ በአል-አዝሀር መስጊድ አጠገብ እየኖሩ፣ የሒሳብ መጻሕፍትን በእጃቸው እየገለበጡ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር።

ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር የተሰኘው መጽሐፋቸው የተጻፈው በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። እነ ኤውክሊድና በጥሊሞስ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ግን ብርቱ ብርሃን ዓይንን እንደሚያም አስተዋሉ፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከውጭ ወደ ዓይን ይገባል ማለት ነው። በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ መብራቶችን ደረደሩ። በግድግዳው ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ፤ አንዱን መብራት ሲከልሉ የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ጠፋ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ፣ የተለያየ ብርሃንም በአንድ ቀዳዳ አልፎ እንደማይደባለቅ በዚህ አሳዩ። ካሜራም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ፤ አውሮፓውያን አልሀዘን እያሉ ተማሩበት። እርሳቸው ግን በ1040 አካባቢ በካይሮ አርፈው ነበር።

ለፈተና የምትዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኚህ ሰው የምንወስደው ትልቁ ትምህርት መልሱን መሸምደድ አይደለም። የበጥሊሞስን ስህተት በመጽሐፍ ያጋለጡ ሊቅ የራሳቸውንም ስህተት አልሸሸጉም። እናንተም ያነበባችሁትን ፈትሹት። አንድ ክፍል አጨልሙና በመስኮቱ መከለያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ፤ የውጭው ዓለም በግድግዳው ላይ ተገልብጦ ታዩታላችሁ። በዓይኑ ያየውን ሰው ፈተና ላይ አይረሳውም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።