የኳስ ተጫዋቹ ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ እጅግ የታወቁ፥ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ግን ስም ያተረፉት በእግራቸው ነው።

በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው የእግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ በአራዳ ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙ ወራት ሳይቆይ ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ፋሺስቶች ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወት ስለ ከለከሉ፥ የአገሬው ልጆች ለብቻቸው ይጋጠሙ ነበር፤ የቡድኑም ስም እንዲለወጥ ተደረገ። የይድነቃቸው የወጣትነት ኳስ እንዲህ ባለ አጥር ውስጥ አለፈ። ነገሩን ኋላ እንመለስበታለን።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በእኛው በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ በስሙ እየተጠራ ከጣሊያኖች፥ ከአርመኖችና ከግሪኮች ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ይጋጠም ጀመር። አቶ ይድነቃቸው በአጥቂነት ለ23 ዓመታት ያህል ለዚሁ አንድ ቡድን ተጫወቱ፤ በ365 ግጥሚያዎች 318 ጐሎች እንዳገቡም ይቈጠርላቸዋል። የኢትዮጵያን ማልያ የለበሱት 15 ጊዜ ነው።

እኔ ግን ከእነዚያ ሁሉ ጐሎች ይልቅ በካርቱም የሠሩት ይበልጥብኛል። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በዚያ ሲመሠረት ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተገኝተው ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ እንድትሆን ተመደበ። ደቡብ አፍሪካ ግን የምታመጣው ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ድብልቅ ቡድን አለመሆኑን አስታወቀች። በልጅነታቸው ያን አጥር ያዩት ሰው ይህን እንዴት ይቀበሉ? ሦስቱ አገሮች እንቢ አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ መራራ ነበር፤ ቢሆንም ማንም ሰው በቆዳው ቀለም ተለይቶ የተሰለፈበት ዋንጫ አልሆነም።

የግብፅ ብድር የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ ሁለተኛዋን ያገባት አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ለሉቻኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፥ እስያና ኦሴንያ በአንድነት አንዲት ቦታ ብቻ ተሰጣቸው። አፍሪካውያን ይህን በመቃወም ከማጣሪያው ሲወጡ አቶ ይድነቃቸው ከተሟጋቾቹ ግንባር ቀደም ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ ገና ከውጭ ነበረች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በጆሃንስበርግ ባሸነፈች ጊዜ ዋንጫውን ያነሣው አምበል ነጭ፥ ሁለቱን ጐሎች ያገባው ነጭ ያልሆነ ተጫዋች ነበር።