ዲግሪ ያልነበረው የሐኪሞች መምህር

ጥቁር አሜሪካዊው ቪቪየን ቶማስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ተወለደ። በ1930 በዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ቤተ ሙከራ ተቀጠረ፤ በመዝገብ ግን የጽዳት ሠራተኛ ተባለ። በዚያው ዓመት ባንክ ከስሮ ለሕክምና ትምህርት ያጠራቀመው ገንዘብ ጠፋበት።

በልባቸው ጉድለት ምክንያት ወደ ሳንባቸው በቂ ደም የማይደርስላቸው ሕፃናት በዚያ ዘመን ከንፈራቸው እየጠቆረ ይሞቱ ነበር። ዶክተር ሄለን ታውሲግ መላ እንዲፈለግላቸው ጠየቀች። ቶማስም ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ከሳንባው የደም ሥር ጋር መስፋትን በውሾች ላይ ደጋግሞ ሞከረ። በ1944 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ብላሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲያክም፥ ቶማስ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ ይመራው ነበር።

ሕክምናው በሁለቱ ዶክተሮች ስም ተጠራ፤ የእርሱ ስም የተጨመረው ዘግይቶ ነው። የክብር ዶክትሬት ያገኘው በ1976፥ የሞተውም በ1985 ነው። ዲግሪ ለማግኘት የምንደክም ተማሪዎች ሆይ፥ ብዙ ቀዶ ሐኪሞችን ያስተማረው ይህ ሰው የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ በተማሪነት አልረገጠም።