ፈቂሁን ማን ይቆጣጠረው?

ስለ አያቶላህ ኾሜይኒ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዶርማችን ውስጥ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። አንዱ ወገን ምዕራባውያንን ያንበረከኩ ጀግና ያደርጋቸዋል። ሌላው ሺዓ መሆናቸውን ብቻ ጠቅሶ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔ ሱንኒ ነኝ፤ የዐቂዳውን ልዩነት ግን ለዑለማኦቻችን እተዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሻሁን በአምባገነንነቱ ሲያወግዙ የኖሩ ዓሊም፣ ሥልጣኑ እጃቸው ሲገባ ምን አደረጉበት?

ሩሆላህ ኾሜይኒ የተወለዱት በ1902 ኾሜይን በምትባል የኢራን ከተማ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው)። አባታቸው የተገደሉት እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ነበር። በአራክ ከተማ ከሼኽ አብዱልከሪም ሃኢሪ ዘንድ ቀርተው፣ መምህራቸው ወደ ቁም ከተማ ሲዛወሩ ተከተሏቸው። እዚያም ከፊቅህ ሌላ ፍልስፍናና ዒርፋን ያስተምሩ ጀመር። ይህ ደግሞ በጊዜው ብዙዎቹ ዑለማኦች በጥርጣሬ የሚያዩት ትምህርት ነበር።

ስማቸው በአገር የተሰማው ስድሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ሻህ ሙሐመድ ሪዳ በ1963 ነጩ አብዮት ያለውን የለውጥ ዕቅድ ሲያውጅ ኾሜይኒ በግልጽ ተቃወሙ። ደጋፊዎቻቸው ይህን ሲተርኩ አንድ ነገር ይዘላሉ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ሴቶች በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠታቸው ነበር። በዚያው በ1963 በዓሹራ ቀን ሻሁን በስሙ ጠርተው ወቀሱት፤ ታሰሩ፤ ሕዝቡም አደባባይ ወጥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1964 ደግሞ በኢራን ያሉ የአሜሪካ ወታደሮች በአገሪቱ ፍርድ ቤት እንዳይዳኙ የሚያደርግ ሕግ ሲወጣ፣ ኾሜይኒ የአገር ክብር ተሸጠ ብለው ተነሡ። እዚህ ላይ እውነቱ ከሳቸው ጋር ነበር ባይ ነኝ። መልሱ ስደት ሆነ፤ መጀመሪያ ወደ ቱርክ፣ ቀጥሎም ወደ ኢራቋ ነጀፍ።

ነጀፍ ላይ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ1970 ለደረሶቻቸው በሰጡት ተከታታይ ትምህርት፣ የተሰወረው ኢማም እስኪመለስ ድረስ መንግሥት በፈቂህ እጅ መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ ዘረጉ። ከሺዓ ታላላቅ ዑለማኦችም ይህን ያልተቀበሉ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ሻሁ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ሲያከብር፣ የኛው ንጉሠ ነገሥት አፄ ኃይለ ሥላሴም ከተጋባዦቹ መካከል ነበሩ። ኾሜይኒ ከነጀፍ ሆነው ድግሱን አወገዙ። ከዚያ በኋላ አፄው በሦስት ዓመት፣ ሻሁ በስምንት ዓመት ከዙፋናቸው ወረዱ።

የ1978ቱን ዐመፅ ሁሉም ያውቀዋል። ድምፃቸው በካሴት እየተቀዳ ከመስጊድ መስጊድ ይዞር ነበር። ኢራቅ ስታስወጣቸው ከፓሪስ አጠገብ ባለች መንደር ተቀመጡ፤ የካቲት 1 ቀን 1979 ቴህራን ገቡ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ የሻሁ መንግሥት ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚከብደኝ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከፕሬዚዳንቱም ከፓርላማውም በላይ አንድ ፈቂህ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በኒ ሳድር በ1981 ተነሡ። ታላቁ ዓሊም ሸሪዓትመዳሪ፣ ኾሜይኒ በ1963 በታሰሩ ጊዜ ሕይወታቸውን ለማትረፍ የተሟገቱት ሰው፣ በ1982 በሤራ ተወንጅለው ቤታቸው ተዘጋባቸው። ሳዳም ሑሴን በ1980 የጀመረው ወረራ ለኢራን ራሷን የመከላከል ጦርነት ነበር። ኾረምሸህር በግንቦት 1982 ከተመለሰች በኋላ ግን ኢራን ውጊያውን ወደ ኢራቅ ምድር አሻገረች። ስድስት ዓመት ተጨመረ፤ በሁለቱም ወገን ስንት የሙስሊም ልጅ አለቀ! ኾሜይኒ ተኩስ አቁሙን በሐምሌ 1988 ሲቀበሉ መርዝ የመጠጣት ያህል መረራቸው።

በዚያው በጋ በእስር ቤቶች ውስጥ የነበሩ በሺዎች የሚገመቱ የፖለቲካ እስረኞች በኾሜይኒ ትእዛዝ ተገደሉ። ብዙዎቹ ቀድሞ የተፈረደባቸውና ቅጣታቸውን እየፈጸሙ ያሉ ነበሩ። ይህን የተቃወሙት የውጭ ጠላት አይደሉም። አያቶላህ ሙንተዘሪ ናቸው፤ የኾሜይኒ ደረሳ፣ በሻሁ ዘመን ስለሳቸው የታሰሩ፣ በ1985 ወራሻቸው እንዲሆኑ የተመረጡ። ለኾሜይኒ ደብዳቤ ጻፉ። ገዳዮቹን ቤታቸው ጠርተው በታሪክ ወንጀለኞች ትባላላችሁ አሏቸው፤ የዚያ ስብሰባ ድምፅ በ2016 ለሕዝብ ወጥቷል።

በመጋቢት 1989 ሙንተዘሪ ከወራሽነት ተሰረዙ። ኾሜይኒ በሰኔ 3 ቀን ሲሞቱ፣ በማግስቱ ዓሊ ኻሜነኢ ተመረጡ። ሕገ መንግሥቱ መሪው መርጀዕ ይሁን ይል ነበር፤ ኻሜነኢ ግን ያን ደረጃ አልደረሱም። ስለዚህ በሐምሌ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ያ መስፈርት ወጣ፤ የመሪው ሥልጣን ግን ይበልጥ ሰፋ።