መሐንዲሱ ጆርጅ ፌሪስና ታላቁ መንኰራኩር

እኛ በመሳለሚያ አካባቢ ያደግን ተማሪዎች የብረት ድምፅ እየሰማን ነው የምንነቃው። በምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ ምድጃና ሣጥን ሲሆን ስናይ ኖረናል። ስለዚህ ብረትን ለሕዝብ መደሰቻ ያደረገውን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን መረጥን። በመጫወቻ ሥፍራ ወይም በፊልም ሰው አሳፍሮ ቀጥ ብሎ የሚዞረውን ትልቅ መንኰራኩር ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው።

ጆርጅ ፌሪስ በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በ1859 ዓ.ም. ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1881 ከሬንስለር ፖሊቴክኒክ በምህንድስና ተመረቀ፤ በኋላም በፒትስበርግ የብረት ጥራት የሚመረምር ድርጅት አቋቋመ።

በ1889 ፓሪስ ለኤግዚቢሽኗ የኤፌልን ግንብ አቁማ ነበር። ለ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ የሥራው አለቃ ዳንኤል በርንሃም ያንን የሚያስንቅ ነገር እንዲያስቡ የአሜሪካን መሐንዲሶች ጠየቀ። ፌሪስ የመንኰራኩሩን ንድፍ ይዞ ቀረበ። ሹማምንቱ ይህ ቀጭን ነገር ይወድቃል ብለው ፈሩ። እርሱ ግን ከገዛ ገንዘቡ አውጥቶ አስጠና፤ ባለገንዘቦችንም ለምኖ አስተባበረ። ኤግዚቢሽኑ ሜይ 1 ቀን ሲከፈት መንኰራኩሩ ገና አላለቀም ነበርና ሰው ያሳፈረው ጁን 21 ቀን ነው።

ቁመቱ 80 ሜትር ያህል ነበረ። በዙሪያው የተንጠለጠሉት 36 ክፍሎች እያንዳንዳቸው 60 ሰው ይይዛሉ፤ ሁሉም ሲሞሉ 2,160 ሰው ባንድ ጊዜ ይሳፈራል ማለት ነው። ይህ የትምህርት ቤታችንን አዳራሽ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ አንባቢ ራሱ ያስላው! የመካከሉ ዘንግ ብቻ ከ40 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ዋጋው 50 ሳንቲም ስለ ነበረ፣ ማለት ኤግዚቢሽኑ ራሱ የሚያስከፍለውን ያህል፣ ለድኻ ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣበት። ከዚያ ወዲህ መንኰራኩር የሌለው የጨዋታ ትርዒት የጐደለ መሰለ።

ለፌሪስ ግን የተረፈው ክርክር ነው። ስለ ትርፉ ከኤግዚቢሽኑ ኩባንያ ጋር ተካሰሰ፤ ዕዳም ተጫነው፤ ሚስቱም ተለየችው። አባቶቻችን በዓድዋ ድል ባደረጉበት በ1896፣ በኖቬምበር 22 ቀን፣ በ37 ዓመቱ በተስቦ በሽታ ሞተ።

መንኰራኩሩ በቺካጎ ሌላ ሥፍራ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በ1904 ለሴንት ሉዊስ ኤግዚቢሽን ተተከለ። በ1906 ግን በድማሚት አፍርሰው ብረቱን በቁርጥራጭ ሸጡት። የምናለሽ ተራ ሠራተኞች በዚያ ቢገኙ ኖሮ አንዲት ቡሎን እንኳ መሬት ላይ ባልቀረች ነበር።